ምዕራፍ 6፦ ትልቋ ልጅ ፒያኖ ስትማር

አንድ የሕዝብ ቆጠራ ሠራተኛ በር አንኳኳ፤ እናት ወጣች። ስንት ልጆች እንዳሏት ጠየቃት፤ «ሦስት ሴቶች» አለችው። ዕድሜያቸውን ሲጠይቃት ግን እንደ ሰው መመለስ አልፈለገችም። «የሦስቱ ዕድሜ ሲባዛ 36 ይሆናል» አለች። «ይህ ብቻውን አይበቃኝም» ቢላት፣ «እንግዲያው ሲደመር በሩ ላይ ካለው የቤት ቁጥር ጋር እኩል ነው» ብላ ጨመረችለት። ሠራተኛው ቀና ብሎ ቁጥሩን አየ፤ ጥቂት አሰላሰለና «አሁንም አልበቃኝም፣ እመቤቴ» አላት። እሷም ሰዓቷን እያየች፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ቸኩያለሁ፤ ትልቋን ልጄን ፒያኖ ትምህርት ማድረስ አለብኝ» አለችው። ይህን ሲሰማ አመስግኖ የሦስቱንም ዕድሜ መዝገቡ ላይ ሞልቶ ሄደ። ልጆቹ ስንት ስንት ዓመታቸው ነው?

እንቆቅልሹ በየአገሩ በልዩ ልዩ መልክ ይነገራል። አንዳንዱ ላይ ብዜቱ 72 ነው፤ ፒያኖውም በሌላ ነገር ይተካል። አጥንቱ ግን አንድ ነው። መልሱን ገና ያልሰሙ አንባቢዎች እዚህ ላይ መጽሐፉን አጥፈው በወረቀት ቢሞክሩት አይቆጩም።

ሲባዙ 36 የሚሆኑ ሦስት ሙሉ ቁጥሮች የሚገጥሙት በስምንት መንገድ ብቻ ነው። 1፣ 1 እና 36 ድምራቸው 38፤ 1፣ 2 እና 18 ድምራቸው 21፤ 1፣ 3 እና 12 ድምራቸው 16፤ 1፣ 4 እና 9 ድምራቸው 14፤ 1፣ 6 እና 6 ድምራቸው 13፤ 2፣ 2 እና 9 ድምራቸው አሁንም 13፤ 2፣ 3 እና 6 ድምራቸው 11፤ 3፣ 3 እና 4 ድምራቸው 10።

እኛ የቤቱን ቁጥር አናውቅም፤ ሠራተኛው ግን አይቶታል። ቁጥሩ 21 ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ ጽፎ በሄደ ነበር፤ 16 ወይም 10 ቢሆንም እንደዚያው። ቁጥሩን እያየ ያልበቃው 13 ስለሆነ ብቻ ነው፤ ከስምንቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ የሚገኘው ድምር እሱ ብቻ ነውና። «አልበቃኝም» ሲል ሳያስበው የቤቱን ቁጥር ለእኛ ነገረን። የቀሩት ሁለት አማራጮች 1፣ 6፣ 6 እና 2፣ 2፣ 9 ናቸው። እናትየው «ትልቋ ልጄ» አለች። ሁለቱ ትልልቆች እኩል 6 ዓመታቸው ቢሆን ተለይታ ትልቅ የምትባል ልጅ አትኖርም። ስለዚህ ልጆቹ 2፣ 2 እና 9 ዓመታቸው ነው። ፒያኖው ዓይን ማዘናጊያ ነው፤ ቁም ነገሩ ያለው «ትልቋ» የሚለው ላይ ነው።

መልሱ ያምራል። ግን ቀዳዳ አለው።

መንታ የወለደች እናት «ከሁለቱ ትልቋ የቷ ናት?» ተብላ ብትጠየቅ «ሁለቱም እኩል ናቸው» አትልም። ቀድማ የወጣችው ታላቅ ናት፤ ልዩነቱ አሥር ደቂቃም ቢሆን ታላቅ ታላቅ ነው። የኦሪት አንባቢ ይህን ለማመን ምስክር አያስፈልገውም። ዔሳውና ያዕቆብ በአንድ ማሕፀን ያደሩ መንታዎች ነበሩ፤ ሆኖም ብኩርናው የዔሳው ነበር፤ ባይሆን ኖሮ በምስር ወጥ የሚሸጠው ነገር ባልኖረ። የትዕማር መንታዎች ታሪክ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ዛራ እጁን ቢያወጣ አዋላጂቱ ቀይ ፈትል አሰረችበት፤ እጁን ሲመልስ ፋሬስ ቀድሞት ወጣ። በዘፍጥረት ምዕራፍ 38 ላይ ያ ፈትል የታሰረው «መንታ ቢሆኑም ታላቅ አላቸው» በሚል እምነት ነው። ስለዚህ 1፣ 6፣ 6 የሆኑባት እናት ያለ አንዳች ውሸት «ትልቋ ልጄ ፒያኖ ትማራለች» ማለት ትችላለች።

መንታ መሆንም አያስፈልግም። አንዷ መስከረም 2 ቀን 2010 ተወለደች እንበል፤ ታናሿ ደግሞ በዚያው ዓመት ነሐሴ 20። ሠራተኛው ነሐሴ 25 ቀን 2016 ቢመጣ የሁለቱም ዕድሜ 6 ነው፤ እስከ መስከረም 1 ድረስም በመዝገብ እኩል ሆነው ይቆያሉ። ለእናቲቱ ከባድ ዓመት ነው፤ የማይሆን ነገር ግን አይደለም። ብዜቱ 72 የሆነበት ስሪትም ከዚህ አያመልጥም። እዚያ የቤቱ ቁጥር 14 ይሆንና 2፣ 6፣ 6 ከ3፣ 3፣ 8 ጋር ይፋጠጣሉ፤ ያው ጥያቄ ይመለሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ «እንቆቅልሹ ፉርሽ ነው» ይላል። ሌላው «አታካብዱ፣ ምን ለማለት እንደተፈለገ ግልጽ ነው» ይላል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም፤ ምክንያቴ የታሪኩ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ነው። ሠራተኛው ዕድሜያቸውን ጽፎ ሄደ። «ትልቋ» የሚለውን በደቂቃና በወር ልዩነት ተረድቶት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም አማራጮች እንደቆሙ ይቀሩ ነበር፤ ሦስተኛ ጊዜም «አልበቃኝም» ማለት ይገባው ነበር። አላለም። በቅቶታል። እንግዲህ «ትልቋ» ማለት ለእሱ በመዝገቡ ዓመት የምትበልጥ ማለት ነው። የቤቱን ቁጥር ያወቅነው አለማወቁን ስለነገረን ነው፤ የቃሉን ትርጉም ደግሞ የምናውቀው ማወቁን ስላሳየን ነው። ይህ መከላከያ የሚሠራው ግን ሠራተኛው ብልህ ነው ብለን ካመንን ነው። ቸኩሎ የሞላ ከሆነ ሁሉም ነገር ይፈርሳል።

እንግዲህ በአንድ እንቆቅልሽ ውስጥ ሁለት ዓይነት አሻሚነት አገኘን። የመጀመሪያው፣ 13 ሁለት ቦታ መገኘቱ፣ ታስቦበት የተቀመጠ ነው፤ እሱ ባይኖር እንቆቅልሹ ራሱ የለም። ሁለተኛው፣ የ«ትልቋ» ነገር፣ ሳይታሰብ ሾልኮ የገባ ነው። ደራሲው ሊደፍነው ቢፈልግ ቀላል ነው፤ እናቲቱ «ሁለቱን መንታ ታናናሾቿን ለጎረቤት ትቼ ትልቋን ፒያኖ ላድርሳት» ብትል 1፣ 6፣ 6 ይወድቃል። ችግሩ እንዲህ ሲደረግ ጨዋታው ነፍሱ ይወጣል። የእንቆቅልሹ ደስታ ምንም የማትጠቅም የምትመስል ወሬ ቁልፍ ሆና መገኘቷ ነው፤ መንታዎቹ በስም ከተጠሩ ቁልፉ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። እኔ ብሆን ቀዳዳውን እተወዋለሁ። ፈተና ላይ ከሆነ ግን እደፍነዋለሁ።

ከቀዳዳዎቹ ሁሉ ሰፊው «ዕድሜ» ስንል የምንቆጥረው ነገር ራሱ ነው። እኛ ዘንድ ልጅ «6 ሞልቶት 7 ይዟል» ይባላል። አያት «ሰባት ዓመቱ ነው» ስትል የያዘውን፣ ትምህርት ቤት «ስድስት» ብሎ ሲመዘግብ የሞላውን ይቆጥራል፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። በኢትዮጵያ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. በተካሄዱት የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች በር ያንኳኩ ሠራተኞች ልጇን ፒያኖ ከምታስተምር እናት ይልቅ የገጠማቸው «ጣልያን የወጣ ዓመት ነው የተወለድኩት» ወይም «ሠላሳ አምስት፣ አርባ ልበልህ መሰለኝ» የሚል ሰው ነው። የሥነ ሕዝብ ባለሙያዎች እንዲህ ባለ አገር በ0 እና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ላይ ሰው ያለ ልክ ተከምሮ እንደሚያገኙ ያውቃሉ፤ 40 ዓመቱ የሆነ ሰው ሞልቶ 39 እና 41 የሆነ ይጠፋል።

በደቡብ ኮሪያ ነገሩ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከዚህ የባሰ ነበር። በአገሬው ልማድ ሕፃን ሲወለድ 1 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በልደቱ ቀን ሳይሆን በየዓመቱ ጥር አንድ፣ በፈረንጅ አዲስ ዓመት፣ ከአገሩ ሰው ሁሉ ጋር አንድ ይጨምራል። በታኅሣሥ መጨረሻ ቀን የተወለደ ሕፃን በማግስቱ 2 ዓመቱ ነው ማለት ነው። ሕጉ ለአስተዳደርና ለፍርድ ጉዳይ ሁሉ ዓለም በሚቆጥርበት መንገድ ብቻ እንዲቆጠር ያስገደደው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ነው። የእኛዋ እናት የሴኡል ነዋሪ ብትሆን ልጆቿ በልማዱ ቢያንስ 3፣ 3 እና 10 ይሆኑ ነበር፤ ብዜቱም 36 መሆኑ ቀርቶ 90 ላይ ይወጣ ነበር።

የእንግሊዞቹ ጊልበርትና ሰለቫን ደግሞ በዚህ ቀዳዳ ሙሉ የሙዚቃ ቲያትር ሠርተውበታል። እ.ኤ.አ. በ1879 ለመጀመሪያ ጊዜ በታየው «የፔንዛንስ የባሕር ወንበዴዎች» ውስጥ ፍሬድሪክ የሚባል ወጣት ለወንበዴዎች ተለማማጅ ሆኖ ተሰጥቷል። 21 ዓመት ሲሞላው ነፃ ወጣሁ ብሎ ሊሄድ ሲል ውሉ ይነበባል፤ «21 ዓመት እስኪሞላው» አይልም፣ «እስከ 21ኛ ልደቱ» ነው የሚለው። ፍሬድሪክ የተወለደው የካቲት 29 በፈረንጆቹ ነው፤ ልደቱ በአራት ዓመት አንዴ ብቻ ይመጣል። በልደት ሲቆጠር ገና የ5 ዓመት ሕፃን ነው። ጳጉሜን 6 የተወለደ ኢትዮጵያዊም እንዲህ ዓይነት ውል ከመፈረሙ በፊት ቢያነበው ይሻለዋል።

ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። በቆጠራ ሠራተኛው ታሪክ ያየነው፣ አንድ ንግግር የሚነግረን በቃሉ ብቻ ሳይሆን ተናጋሪው እንዴት ሊለው እንደቻለ በማወቅ ጭምር መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 ከሲንጋፖር የወጣውና ዓለምን ያዳረሰው «የቼሪል ልደት» የሚባል የተማሪዎች ውድድር ጥያቄም የሚሽከረከረው በዚሁ ላይ ነው። ቼሪል የልደቷን ወር ለአልበርት፣ ቀኑን ለበርናርድ ለየብቻ ነገረቻቸው፤ አሥር አማራጭ ቀኖችንም ሰጠቻቸው። አልበርት «እኔ አላውቅም፤ በርናርድም እንደማያውቅ ግን አውቃለሁ» ይላል። ይህን ያወቀው ከተነገረው ወር ተነስቶ በራሱ አስቦ ከሆነ መልሱ ጁላይ 16 ነው። የበርናርድን አለማወቅ ከውጭ ሰምቶ ከሆነ ግን መልሱ ኦገስት 17 ይሆናል፤ ብዙ ሰውም በዚያ ሙጭጭ ብሎ ተከራክሯል። አውጪዎቹ ያሰቡት የመጀመሪያውን ነው፤ እውነቱም ወደ እነሱ ያደላል፤ በጥያቄው ውስጥ ለአልበርት ሹክ ያለው ሰው የለምና።

በዚህ መስመር እጅግ የታወቀው ክርክር ግን የሁለት ልጆች ጥያቄ ነው። አሜሪካዊው ማርቲን ጋርድነር በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ለሩብ ምዕተ ዓመት ያህል የሒሳብ ጨዋታ አምድ ሲጽፍ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1959 ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች አቀረበ። አቶ ጆንስ ሁለት ልጆች አሉት፤ ታላቋ ሴት ናት። ሁለቱም ሴቶች የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው? አቶ ስሚዝም ሁለት ልጆች አሉት፤ ቢያንስ አንዱ ወንድ ነው። ሁለቱም ወንዶች የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው?

የሚመሳሰሉ ይመስላሉ። ልጆቹን ከታላቅ ወደ ታናሽ ብንዘረዝራቸው ወንድ-ወንድ፣ ወንድ-ሴት፣ ሴት-ወንድ፣ ሴት-ሴት የሚሉ አራት ዓይነት ቤተሰቦች አሉ፤ አራቱንም እኩል እንቁጠራቸው። (በእውነት ወንድ ሕፃናት ሲወለዱ በጥቂቱ ይበልጣሉ፤ ለዛሬው ይቅር።) በጆንስ ጥያቄ ታላቋ ሴት ናት ስለተባለ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ ዕድሉ እኩሌታ ነው። በስሚዝ ጥያቄ ግን የወደቀው ሴት-ሴት ብቻ ነው፤ ከቀሩት ሦስት አንዱ ወንድ-ወንድ ስለሆነ ዕድሉ ሲሶ ነው። ጋርድነር የሰጠው መልስ ይኸው ነበር። «ታላቋ» የምትል አንዲት ቃል ስትወጣ እኩሌታው ሲሶ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ጋርድነር ራሱ የስሚዝ ጥያቄ አወራረዱ አሻሚ እንደነበር አመነ፤ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ አይገኝም። ለምን አሻሚ እንደሆነ በ400 ቤተሰብ እንየው፤ ከአራቱም ዓይነት 100 100 ይሁኑ። መጀመሪያ አባቶቹን ሁሉ ሰብስበን «ቢያንስ አንድ ወንድ ልጅ ያለህ እጅህን አንሳ» እንበል። 300 እጅ ይነሣል፤ ከነዚህ ሁለት ወንዶች ያሏቸው 100 ናቸው፤ ሲሶ። አሁን ደግሞ ሌላ እናድርግ። እያንዳንዱ አባት ከሁለቱ ልጆቹ አንዱን በዕጣ አውጥቶ ይዞ ገበያ ይሂድ። ሁለት ወንዶች ያሏቸው 100ውም ወንድ ይዘው ይወጣሉ። አንድ አንድ ካሏቸው 200 አባቶች ግን ወንዱ የሚደርሳቸው ግማሾቹ ናቸው፤ እነሱም 100። ገበያ ውስጥ ከወንድ ልጅ ጋር የምናያቸው 200 አባቶች ናቸው፤ ከነሱ 100ዎቹ ቤታቸው የቀረውም ወንድ ነው። እኩሌታ!

በሁለቱም ጊዜ ስለ አባትየው የምናውቀው አንድ ነው፤ «ሁለት ልጆች አሉት፤ ቢያንስ አንዱ ወንድ ነው።» መልሱን የለወጠው ያንን ያወቅንበት መንገድ ነው። ጠይቀን ከሆነ ሲሶ፣ አጋጥሞን ካየን እኩሌታ። ጋርድነር የትኛው እንደሆነ ስላልጻፈ ሁለቱም ተከራካሪዎች ትክክል ነበሩ፤ እርስ በርስ የተጨቃጨቁት ባልተጻፈው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

ማሪሊን ቮስ ሳቫንት ይህንኑ ክርክር በአሜሪካው ፓሬድ መጽሔት አምዷ ላይ ስታስነሳ የተቃውሞ ደብዳቤ ጎረፈባት። እሷም አንባቢዎቿን ጠየቀች፤ ሁለት ልጆች ያሏችሁና ቢያንስ አንዱ ወንድ የሆነ እናቶች የሁለቱንም ጾታ ጻፉልኝ አለች። ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች መለሱ፤ ሁለቱም ወንዶች የሆኑላቸው 36 በመቶ ገደማ ነበሩ። ለሲሶ የቀረበ ነው። ልብ በሉ፣ ሲሶ የመጣው ጥሪዋ እጅ እንደማስነሣት ስለነበር ነው። ተቃዋሚዎቿ ገበያ ወጥተው ቆጥረው ቢሆን እኩሌታ ያገኙ ነበር፤ ጥናቱ ጭቅጭቁን ሊዘጋው ያልቻለውም ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ለጋርድነር ክብር በአትላንታ በሚደረገው ጉባኤ ላይ ጋሪ ፎሺ የተባለ የእንቆቅልሽ ሠሪ መድረክ ላይ ወጥቶ «ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አንዱ ማክሰኞ የተወለደ ወንድ ነው፤ ሁለቱም ወንዶች የመሆናቸው ዕድል ስንት ነው?» ብሎ ወረደ። በእጅ ማስነሣቱ መንገድ ከተሠራ መልሱ ከ27 እጅ 13ቱ ነው። ማክሰኞ ምን አገባት ያለም ትክክል ሊሆን ይችላል፤ አባትየው ያሰኘውን ልጅ መርጦ የተወለደበትን ቀን የነገረን ብቻ ከሆነ በእርግጥም አታገባም፤ መልሱም እኩሌታ ነው።

አሁን ከአሻሚ ጋር የሚምታታ ሌላ ነገር አለ፤ እሱም ጥምዝ ያለ አነጋገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 ኒው ዮርክ ፕሬስ የተባለ ጋዜጣ ያወጣው ጥያቄ በአማርኛ ሲባል ይህን ይመስላል፦ ሜሪ 24 ዓመቷ ነው። ሜሪ አሁን አን ባለችበት ዕድሜ ላይ በነበረች ጊዜ አን የነበራት ዕድሜ ሲታጠፍ የሜሪን የዛሬ ዕድሜ ይሆናል። አን ስንት ዓመቷ ነው? አሜሪካ በዚህ ጥያቄ ከመታመሷ የተነሣ «አን ስንት ዓመቷ ነው?» የሚለው መልስ ለሌለው ጥያቄ ሁሉ መተረቻ ሆኖ ቀረ። ብዙዎች 24ን ለሁለት ከፍለው «12» አሉ፤ ሌሎች ጥያቄው ትርጉም የለውም ብለው ተዉት። ግን ትርጉም አለው፤ ያውም አንድ ብቻ። የዕድሜያቸው ልዩነት 6 ነው፤ አን 18 ዓመቷ ነው። ሜሪ 18 በነበረች ጊዜ አን 12 ነበረች፤ የ12 እጥፍ 24። ዓረፍተ ነገሩ አናት ያዞራል እንጂ ሁለት መንገድ የለውም። አንባቢ ስለተቸገረ ብቻ ጥያቄ አሻሚ አይባልም፤ ፈተና ከወደቁ በኋላ «ጥያቄው ግልጽ አልነበረም» ማለት የለመድን ሰዎች ይህችን ብንይዛት ጥሩ ነው።

በተቃራኒው ቀላልና ግልጽ የሚመስል ግን ሁለት መንገድ ያለው የዕድሜ ጥያቄ ከጥንት የመጣልን አለ። ለአልጀብራ መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆነው የእስክንድርያው ዲዮፋንተስ ስንት ዓመት እንደኖረ በግሪኮች የግጥም መድበል ውስጥ በእንቆቅልሽ መልክ ተቀምጧል። በልጅነት የዕድሜውን ስድስተኛ እጅ ኖረ፤ ጢም ሲያቆጠቁጥ አሥራ ሁለተኛ እጅ ተጨመረ፤ ሰባተኛ እጅ ቆይቶ አገባ፤ ካገባ በ5 ዓመት ወንድ ልጅ ወለደ፤ ልጁ የአባቱን ዕድሜ ግማሽ ኖሮ ሞተ፤ አባት 4 ዓመት አዝኖ ተከተለው። የሁሉም መጽሐፍ መልስ 84 ነው። 14 ዓመት ልጅነት፣ 7 ዓመት እስከ ጢም፣ 12 ዓመት እስከ ጋብቻ፣ 5 ዓመት እስከ ልጅ፣ ልጁ 42 ዓመት፣ ሐዘኑ 4 ዓመት።

«የአባቱን ዕድሜ ግማሽ» ሲባል ግን የትኛው ዕድሜ? አባትየው በኋላ ሲሞት የደረሰበት ወይስ ልጁ በሞተ ቀን የነበረው? ልጁ በሞተበት ቀን አባት 42 ልጅ 21 ቢሆኑ «የአባቱን ግማሽ ዕድሜ ሳይሞላ ሞተ» ብለን አንከራከርም፤ ደርሷል እንላለን። በዚህ ንባብ ሒሳቡ ሲሠራ ዲዮፋንተስ የኖረው 65 ዓመት ከሲሶ ነው። ለምን ታዲያ ማንም ሰው 84ን አይጠራጠርም? ቁጥሩ ስለሚያምር ነው። 84 ለ6፣ ለ12 እና ለ7 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ በሌላው ንባብ ጢሙ የሚበቅለው በክፍልፋይ ቀን ነው። ግጥሙን የገጠመው ሰው 84ን እንዳሰበ አያጠራጥርም። ግን ያወቅነው ከቃሉ አይደለም፤ ከአወጣጡ ነው። ሁላችንም ትምህርት ቤት የተማርነው ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ መልሱ ሙሉ ቁጥር ሆኖ ከወጣ ልክ ነው፣ ካልወጣ ተሳስተሃል የሚል።

ያ ሕግ የት እንደሚያደርስ ፈረንሳዮች አሳይተውናል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በግሬኖብል ያሉ የሒሳብ ትምህርት ተመራማሪዎች ለትንንሽ ተማሪዎች «በመርከብ ላይ 26 በጎችና 10 ፍየሎች አሉ፤ ካፒቴኑ ስንት ዓመቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ሰጡ። አብዛኞቹ ልጆች በቁጥሮቹ ሒሳብ ሠርተው መልስ ሰጡ፤ ደምረው 36 አሉ። ይኸው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2018 በቻይና ናንቾንግ ከተማ የአምስተኛ ክፍል ፈተና ላይ ወጥቶ አገር አነጋገረ። ልጆቹ ሞኞች አልነበሩም። አስተማሪ የማይመለስ ጥያቄ እንደማይጠይቅ ከልምድ ያውቃሉ፤ ተናጋሪው ለምን ይህን አለ ብለው አሰቡ እንጂ የተባለውን አላመዛዘኑም።

በእኛ ክፍል ውስጥስ? በአባትና ልጅ ዕድሜ አልጀብራ ያልተማረ የለም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ደግሞ ጠመኔም ጊዜም ለመቆጠብ ሲባል ጥያቄው እንዲህ ባጭሩ ይጻፋል እንበል፦ «የአባትና የልጅ ዕድሜ ድምር 50። የዛሬ 5 ዓመት የአባት ዕድሜ የልጁ 3 እጥፍ። የእያንዳንዳቸው የአሁን ዕድሜ?»

አንዱ ተማሪ «የዛሬ 5 ዓመት»ን ወደ ኋላ ይወስደዋል። ያኔ የሁለቱ ድምር 40 ነበር፤ 30 እና 10። ስለዚህ ዛሬ አባት 35፣ ልጅ 15። አጠገቡ ያለችው ወደ ፊት ትወስደዋለች። ያኔ ድምራቸው 60 ይሆናል፤ 45 እና 15። ስለዚህ ዛሬ አባት 40፣ ልጅ 10። ሁለቱም ሙሉ ቁጥር አግኝተዋል፤ ሁለቱም መልሳቸውን ቢያመሳክሩ ይገጥምላቸዋል። ዲዮፋንተስን ያዳነው የቁጥር ውበት እዚህ አይፈርድም። ቋንቋውም አይፈርድም፤ በበዓል ቀን «የዛሬ ዓመት በሰላም ያድርሰን» የሚለው ሽማግሌ በዚያው ማዕድ ላይ «የዛሬ ዓመት በጉ በግማሽ ዋጋ ነበር» ይላል፣ ማንም አይደናገርም። የሚለየው የዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ ነው፤ ሰሌዳው ላይ የተቆጠበውም እሱ ነው።

በእንቆቅልሽ ጨዋታ ቢሆን ችግር የለም። ጠያቂው ዳኛም ነው፤ ያላወቀ አገር ሰጥቶ ይገላገላል። ፈተና ላይ ግን ተማሪው የሚሰጠው አገር የለውም፤ የሚያጣው ማርክ ነው። ስለዚህ ጥያቄ የምታወጡ መምህራን ሆይ፣ «የዛሬ 5 ዓመት» ብላችሁ ስትጽፉ «ነበር» ወይም «ይሆናል» የሚለውን አትቆጥቡት፤ ዘንግታችሁት ተማሪያችሁ 40 እና 10 ብሎ ከመጣ ደግሞ ሙሉ ማርኩን ስጡት።